የ18 ኢኒንግሶች ጉዳይ፦ የክሪኬት መቺን ወቅታዊ አቋም የሚለካ ሶፍትዌር የሚያየውና የሚያመልጠው

የክሪኬት መቺው ቪራት ኮህሊ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2014 ከህንድ ብሔራዊ ቡድን ጋር በእንግሊዝ አምስት የቴስት ግጥሚያዎችን ለማድረግ ሲነሳ የ25 ዓመት ወጣት ነበር። እስከዚያ ድረስ በ24 ቴስቶች 1721 ረን (የክሪኬት ነጥብ) ሰብስቧል፤ ስድስት ጊዜ መቶ ረን ተሻግሯል፤ አማካይ ውጤቱም 46.51 ነበር። በአምስቱ ግጥሚያዎች አሥር ጊዜ ለመምታት ገብቶ ያስመዘገባቸው ቁጥሮች በቅደም ተከተል 1፣ 8፣ 25፣ 0፣ 39፣ 28፣ 0፣ 7፣ 6 እና 20 ናቸው። ድምራቸው 134፣ አማካያቸው 13.4 ነው። ከዚያ በኋላ ለ114 ቀናት ምንም ቴስት አልተጫወተም። በዲሴምበር 9 ቀጣዩ ጉብኝት በአውስትራሊያ ሲጀመር ግን በአደሌድ 115 እና 141፣ በብሪዝበን 19 እና 1፣ በሜልበርን 169 እና 54፣ በሲድኒ ደግሞ 147 እና 46 አስመዘገበ። የእነዚህ ስምንት ኢኒንግሶች ድምር 692፣ አማካያቸው 86.5 ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው አንድ ጥያቄ ነው። በዲሴምበር 8 ቀን 2014 ምሽት፣ ማለትም የአደሌዱ ግጥሚያ ሊጀመር አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ የተጫዋቾችን ወቅታዊ አቋም የሚለካ ሶፍትዌር በእጁ የነበረ ሰው ስለ ኮህሊ ምን ያነብ ነበር? ያነበበውንስ ምን ያህል ማመን ይገባው ነበር? ጉዳዩን የመረጥኩት ለውጡ እጅግ ስለታም በመሆኑ ብቻ አይደለም። በአሥራ ስምንቱም ኢኒንግሶች ኮህሊ ሳይወጣ የቀረበት ጊዜ ስለሌለ ስሌቱ ንጹሕ ነው፤ አንባቢው ከዚህ በታች ያለውን እያንዳንዱን አማካይ በወረቀትና በእርሳስ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ከክሪኬት ጋር ብዙም ለማይተዋወቅ አንባቢ ጥቂት ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። ቴስት እስከ አምስት ቀናት የሚዘልቅ ግጥሚያ ሲሆን እያንዳንዱ ቡድን ቢበዛ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ አንዱ የመምታት ተራ ኢኒንግስ ይባላል። መቺው ረን እየሰበሰበ የሚቆየው እስኪወጣ፣ ማለትም ተጋጣሚው ከመምታት እስኪያሰናብተው ድረስ ነው፤ ከወጣ በኋላ በዚያ ኢኒንግስ አይመለስም። አማካዩ የሚሰላው የሰበሰበው ረን በወጣባቸው ጊዜያት ቁጥር ተካፍሎ ነው። የእግር ኳስ አጥቂ አንድ የግብ ዕድል ቢያመክን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሌላ ያገኛል። መቺ ግን በመጀመሪያዋ ኳስ ከወጣ የዕለቱ ሥራው አልቋል፤ የሚመዘገብለትም ዜሮ ነው። አቋምን በቁጥር ለመለካት የሚሞክር ሁሉ መጀመሪያ የሚጋጨው ከዚህ ጠባይ ጋር ነው፤ እጅግ ጎበዝ የሆነ መቺ እንኳ ከኢኒንግሶቹ ብዙዎቹ ትናንሽ፣ ጥቂቶቹ ግን ግዙፍ ናቸው። ኤልደርተን እና ዉድ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተሟቸው ጥናቶች የክሪኬት ውጤቶች በጂኦሜትሪያዊ ተከታታይ መልክ፣ ማለትም ውጤቱ ከፍ ባለ ቁጥር ብዛቱ በተመሳሳይ ምጣኔ እየቀነሰ፣ እንደሚሰራጩ መርምረው ነበር። ስርጭቱ በትክክል እንዲህ ነው ማለት ባይቻልም ለሚከተለው ስሌት በቂ መነሻ ይሆናል።

ለዚህ ጥናት የተጠቀምኩበት ፕሮግራም ቀላል ነው። የኢኒንግሶችን ዝርዝር በቀን ቅደም ተከተል ይቀበላል፤ በእያንዳንዱ ላይ የተሰበሰበውን ረን እና መቺው ወጥቶ ወይም ሳይወጣ መቅረቱን ያነብባል፤ ከዚያም የተለያዩ መለኪያዎችን ጎን ለጎን ያወጣል። የመጀመሪያው መለኪያ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ተንሸራታች አማካይ ነው፤ የመጨረሻዎቹን አሥር ኢኒንግሶች ብቻ ወስዶ ያካፍላል። ሁለተኛው እየደበዘዘ የሚሄድ ትውስታ ያለው አማካይ ነው። ይህኛው ምንም ነገር በድንገት አይጥልም፤ አዲስ ውጤት በገባ ቁጥር የቀድሞውን ግምት በተወሰነ መጠን ወደ አዲሱ ውጤት ያስጠጋዋል። መጠኑ 0.2 ከሆነ የመጨረሻው ኢኒንግስ 20 በመቶ፣ ከእርሱ በፊት ያለው 16 በመቶ፣ የዚያ ቀዳሚ 12.8 በመቶ ክብደት ይይዛል፤ እንዲህ እያለ ይቀንሳል።

ሁለቱም መለኪያዎች በእንግሊዝ ጉብኝት መጨረሻ ላይ የሰጡት ንባብ አስደንጋጭ ነው። ተንሸራታቹ አማካይ 13.4 ይላል። ከ46.51 ተነስቶ በ0.2 መጠን የሚሄደው አማካይ ወደ 17.0 ወርዷል፤ በ0.1 መጠን የሚሄደው ደግሞ 25.0 ላይ ቆሟል። የ17.0 እና የ25.0 ልዩነት የመጣው ስለ ኮህሊ ከምናውቀው ነገር አይደለም፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ከመረጠው አንድ ቁጥር ነው። በ0.2 መጠን ከአሥር ኢኒንግሶች በኋላ ከጉብኝቱ በፊት የነበረው ታሪክ ሁሉ ያለው ድርሻ 11 በመቶ ብቻ ነው። በ0.1 ግን 35 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ «አቋሙ ምን ያህል ወረደ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በከፊል «መሣሪያው ምን ያህል ረሺ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ይህን መጠን በስክሪኑ ላይ ሳያሳይ አንድ ንጹሕ ቁጥር ብቻ የሚያቀርብ ሶፍትዌር ተጠቃሚውን ያሳስታል ብዬ አምናለሁ።

የተንሸራታች አማካይ ችግር ይበልጥ የሚታየው በአውስትራሊያ ነው። ከአደሌድ ሁለት ኢኒንግሶች በኋላ አማካዩ ከ13.4 ወደ 24.8፣ ከዚያም ወደ 38.1 ዘለለ፤ በብሪዝበን 19 ሲያስመዘግብ 37.5 ሆነ። ቀጥሎ የመጣው ኢኒንግስ 1 ረን ብቻ ነበር። መለኪያው ግን ከ37.5 ወደ 37.6 ከፍ አለ። ምክንያቱ በብሪዝበን ከሆነው ነገር ጋር ግንኙነት የለውም፤ በዚያች ቅጽበት ከመስኮቱ የወጣው ከአምስት ወራት በፊት በእንግሊዙ የሎርድስ ሜዳ የተመዘገበው ዜሮ ስለነበረ ነው። ዜሮ ወጥቶ አንድ ሲገባ ድምሩ በአንድ ይጨምራል። ተጫዋቹ ወድቋል፣ መሣሪያው ግን ተሻሽሏል ይላል። በ0.2 የሚሄደው አማካይ በዚያው ኢኒንግስ ከ49.8 ወደ 40.0 ወርዶ የሆነውን በታማኝነት መዝግቧል። በብዙ የስፖርት ገጾች ላይ «የመጨረሻዎቹ አሥር» የሚለው ሠንጠረዥ ለምን እንደተወደደ ይገባኛል፤ ለመረዳት ቀላል ነው። ነገር ግን በመስኮቱ የኋላ ጠርዝ ላይ የሚሆነው ነገር የፊተኛውን ያህል ኃይል አለው፤ የኋላውን ጠርዝ ደግሞ ማንም አይመለከተውም።

እስካሁን የታዩት መለኪያዎች ቁጥር ይሰጣሉ እንጂ ቁጥሩ የሚያስደነግጥ መሆኑንና አለመሆኑን አይናገሩም። አንዳንድ መሣሪያዎች ይህን ክፍተት በስታትስቲክስ ፈተና ይሞሉታል። አር (R) በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈውና በነጻ የሚሰራጨው ክሪኬትአር ለምሳሌ የተጫዋቹን የቅርብ ጊዜ ኢኒንግሶች ከቀድሞዎቹ ለይቶ አማካዮቻቸውን ያወዳድርና «በአቋም ላይ ነው» ወይም «ከአቋም ውጪ ነው» የሚል ብያኔ ያወጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ፈተና በዚህ ጉዳይ ላይ ሳስኬደው አንድ ወጥመድ ብቅ አለ፤ የዚህ ጥናት ዋና ግኝትም እርሱ ይመስለኛል።

የተለመደው ፈተና የልዩነቱን ትልቅነት የሚመዝነው በናሙናው መደበኛ ልይይት፣ ማለትም ውጤቶቹ ከአማካያቸው በሚበታተኑበት ልክ ነው። የኮህሊ አሥር የእንግሊዝ ውጤቶች መደበኛ ልይይት 13.7 ገደማ ነው። ይህን በአሥር ስኩዌር ሩት ስናካፍለው 4.33 እናገኛለን። ከ46.51 እስከ 13.4 ያለው ርቀት 33.1 ሲሆን፣ ይህም የ4.33 ሰባት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። በማንኛውም የስታትስቲክስ ሠንጠረዥ ይህ ማለት «በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም» ማለት ነው። ሆኖም በክሪኬት የውጤቶች መበታተን ከአማካዩ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል፤ በአማካይ 46 የሚያስመዘግብ መቺ ውጤቶች መደበኛ ልይይት በግምት 46 አካባቢ ነው። ውጤቶች ሁሉ ትናንሽ ሲሆኑ መበታተናቸውም የግድ ትንሽ ይሆናል፤ ዜሮና ሰባት፣ ስድስትና ሃያ ተራርቀው ሊቆሙ አይችሉም። ፈተናው ይህን ትንሽ መበታተን ተጫዋቹ በዝቅተኛ ደረጃ ላይ «ጸንቶ» እንዳለ ማስረጃ አድርጎ ይወስደዋል፤ ስለዚህ መጥፎውን ጊዜ ያጋንናል። ልይይቱን ከቀድሞው ደረጃ ማለትም ከ46.5 ወስደን ስሌቱን ስንደግመው ርቀቱ 2.25 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ያኔም ቢሆን ያልተለመደ ነው፤ ነገር ግን በሰባት ተኩልና በሁለት ከሩብ መካከል ያለው ልዩነት አንድን ተጫዋች ከቡድን በማስወጣትና «ቆም ብለን እንየው» በማለት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ፕሮግራሙ ስለዚህ ሌላ መንገድ ይከተላል። የእያንዳንዱ ኢኒንግስ ውጤት ትናንሾቹ በሚበዙበትና ግዙፎቹ እየሳሱ በሚሄዱበት በኤክስፖኔንሺያል ስርጭት መልክ እንደሚመጣ ይገምትና፣ እውነተኛ ደረጃው 46.51 የሆነ መቺ በአሥር ኢኒንግሶች 134 ወይም ከዚያ በታች የመሰብሰብ ዕድሉን ያሰላል። ውጤቱ ከ10,000 ውስጥ 8 ገደማ ነው። ይህም ትንሽ ዕድል ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ከግምት ማስገባት አለብን። አንደኛ፣ እነዚህን አሥር ኢኒንግሶች የመረጥናቸው መጥፎ መሆናቸውን ካየን በኋላ ነው። በዓለም ላይ በማንኛውም ጊዜ ብዙ መቺዎች እየተጫወቱ እያንዳንዳቸውም ብዙ ተከታታይ አሥሮች ስለሚኖሯቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ አስደንጋጭ ሆኖ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። ሁለተኛውና የሚከብደው ነገር ሜዳውና ተጋጣሚው ነው።

እንግሊዝ በዚያ ክረምት ለመቺዎች ቀላል አልነበረችም። ይህን በስሜት ከመናገር ይልቅ በሁለቱም ጉብኝቶች ከኮህሊ ጋር በአንድ የመምታት ሰልፍ ውስጥ ከነበሩት መካከል ሦስት ሰዎችን መመልከት ይቻላል። በእንግሊዝ ሙራሊ ቪጃይ በ10 ኢኒንግሶች 402፣ ቼቴሽዋር ፑጃራ በ10 ኢኒንግሶች 222፣ አጂንክያ ራሃኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ሳይወጣ ቀርቶ በ10 ኢኒንግሶች 299 ረን ሰበሰቡ። ሦስቱ በድምሩ 923 ረን አምጥተው 29 ጊዜ ወጥተዋል፤ አማካያቸው 31.8 ነው። በአውስትራሊያ ቪጃይ 482፣ በሦስት ግጥሚያዎች ብቻ የተሰለፈው ፑጃራ 201፣ ራሃኔ 399 አመጡ፤ 1082 ረን በ21 መውጣት ማለት ነው፣ አማካዩም 51.5። የቪጃይ አማካይ ከ40.2 ወደ 60.25፣ የፑጃራ ከ22.2 ወደ 33.5 ከፍ ብሏል፤ የሁለቱም ዕድገት አንድ ተኩል እጥፍ መሆኑ ያጋጠመ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ዓይን ግን ይስባል። እነዚህ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አቋማቸው ተሻሽሎ ነው ከማለት ይልቅ፣ በአውስትራሊያ ረን ማግኘት በእንግሊዝ ከማግኘት ይቀል ነበር ማለቱ ያስኬዳል።

የጓደኞቹን አማካይ እንደ መለኪያ ስንጠቀም ኮህሊ በእንግሊዝ የእነርሱን 42 በመቶ፣ በአውስትራሊያ ደግሞ 168 በመቶ አስመዝግቧል። ባልተስተካከለው ቁጥር ከ13.4 ወደ 86.5 የተደረገው ዝላይ ስድስት እጥፍ ተኩል ያህል ነበር፤ በተስተካከለው አራት እጥፍ ሆኗል። ከዝላዩ ጥሩ ክፍል የሆነው የሜዳው እንጂ የሰውየው አልነበረም። የዕድሉ ስሌትም ይለወጣል፤ መነሻውን 46.51 ሳይሆን 31.8 ስናደርገው፣ 134 ወይም ከዚያ በታች የመሰብሰብ ዕድል ከ10,000 ውስጥ 8 መሆኑ ቀርቶ ከ1000 ውስጥ 11 ገደማ ይሆናል። ሦስት ጓደኞችን ብቻ መለኪያ ማድረግ ሻካራ ዘዴ መሆኑን አልክድም። ሙሉ ሥራ የሚሠራ መሣሪያ የሁለቱንም ቡድኖች መቺዎች፣ ኳሱን ወደ መቺው የሚወረውሩትን የወርዋሪዎቹን ጥራት እና የእያንዳንዱን ሜዳ ታሪክ ማስገባት ይኖርበታል።

ይህን በሰፊው የሚያደርግ ሥርዓት ከረጅም ጊዜ ጀምሮ አለ። ዛሬ የዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት የተጫዋቾች ደረጃ የምንለው ስሌት እ.ኤ.አ. በ1987 በቀድሞው የእንግሊዝ አምበል ቴድ ዴክስተር ሐሳብ የተጀመረ ነው። ከ0 እስከ 1000 በሚደርስ ነጥብ ይሠራል፤ ለቅርብ ጊዜ ኢኒንግሶች የበለጠ ክብደት ይሰጣል፤ የተጋጣሚ ወርዋሪዎችን ጥንካሬና በግጥሚያው የነበረውን አጠቃላይ የረን መጠንም ያሰላል። ለአቋም መለኪያ ግን ትንሽ ዘገምተኛ ነው፤ ዓላማው ማን የበላይ እንደሆነ መናገር ስለሆነ ረጅም ትውስታ ያስፈልገዋል። ደረጃና አቋም በአንድ ቁጥር ሊነገሩ አይችሉም፤ አንዱን ለማየት የሚረዳው እርጋታ ሌላውን ይጋርዳል።

ወደ ዲሴምበር 8 ምሽት እንመለስ። እስካሁን በተነገረው መሠረት ተጠቃሚው በስክሪኑ ላይ ብዙ ግምቶች ይቀርቡለት ነበር። የመጨረሻዎቹ አሥር 13.4 ይላሉ፤ ፈጣኑ ረሺ 17.0፣ ዘገምተኛው 25.0። አራተኛው መንገድ የቅርቡን ውጤት ወደ ረጅሙ ታሪክ መሳብ ነው፤ የቀድሞውን 46.51 የ20 ኢኒንግሶች ያህል ምስክርነት እንዳለው ቆጥረን አሥሩን አዲስ ውጤቶች ስንጨምርበት 35.5 ይወጣል። አምስተኛው፣ ከሁሉም ሰነፍ የሆነው፣ ስለ አቋም ምንም ሳያስብ የኮህሊን የእስከዚያ ቀን ጠቅላላ አማካይ ይጠቅሳል፤ 1855 ረን በ47 መውጣት፣ ማለትም 39.5። የተከተለው 86.5 ነው። ሁሉም አንሰዋል፤ ያነሱበትም ቅደም ተከተል ለቅርቡ ጊዜ በሰጡት ትኩረት ልክ ነው። በዚህ ጉዳይ አቋምን አብልጦ ያዳመጠው አብልጦ ተሳስቷል። አንድ ጉዳይ ሕግ አይሆንም፤ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ግን ሶፍትዌሩ ወደ ኋላ ያለውን ሲገልጽና ወደ ፊት ሲተነብይ ሁለቱን ለያይቶ እንዲያሳይ የሚያስገድድ በቂ ምክንያት ነው። 13.4 ስለ እንግሊዝ የተነገረ እውነት ነው፤ ስለ አደሌድ ግን የተነገረ ምንም ነገር የለበትም።

መሣሪያው በእነዚያ 114 ቀናት ውስጥ የሆነውንም አላየም። በኢኒንግስ ቁጥር የሚሄድ ትውስታ ለጊዜ ደንታ የለውም፤ በኦገስት 17 የተመዘገበው 20 እና በዲሴምበር 9 የተጀመረው 115 ለእርሱ ጎረቤታሞች ናቸው። በእርግጥ በመካከል ቴስት መኖር ነበረበት፤ ነገር ግን የዌስት ኢንዲስ ቡድን በክፍያ ውዝግብ ምክንያት በኦክቶበር ወር የህንድ ጉብኝቱን አቋርጦ በመሄዱ የታቀዱት ቴስቶች ሳይካሄዱ ቀሩ። ኮህሊ በዚያ ወቅት በዋናነት የተጫወተው የአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ግጥሚያዎችን ነበር። በኦክቶበር 17 በዳራምሳላ ከዌስት ኢንዲስ ጋር 127፣ በኖቬምበር 16 በራንቺ ከስሪላንካ ጋር ደግሞ ሳይወጣ 139 አስመዘገበ። እነዚህ ውጤቶች ወደ ስሌቱ መግባት ነበረባቸው ወይ? ቢገቡ ኖሮ የዲሴምበር 8 ንባብ ፍጹም ሌላ በሆነ ነበር። በሌላ በኩል የአንድ ቀን ግጥሚያ ነጭ ኳስ፣ የተለየ የሜዳ አሰላለፍና የተወሰነ የኳስ ቁጥር ያለው ሌላ ሥራ ነው፤ በራንቺ ያለው ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ መቶ መሻገር በእንግሊዙ ኦልድ ትራፎርድ በአየር ላይ ከሚወዛወዝ የቴስት ቀይ ኳስ ጋር መታገልን አያስተምርም። የእኔ ምርጫ ሁለቱን በተለያዩ መዝገቦች መያዝና በአንዱ ላይ የታየ ትልቅ ለውጥ በሌላው ላይ ያለውን እርግጠኝነት ብቻ እንዲቀንስ ማድረግ ነው፤ ግምቱን ራሱን ከፍ አያደርገውም፣ ጠርዙን ግን ያሰፋዋል።

የራንቺው 139 አንድ ቴክኒካዊ ነገርም ያስነሳል። መቺው ሳይወጣ የቀረበትን ኢኒንግስ እንደተጠናቀቀ አድርጎ የሚቆጥር ፕሮግራም ይበድለዋል፤ ረኑን ቆጥሮ መውጣቱን ባለመቁጠር በጥቂት ኢኒንግሶች ላይ የሚያካፍል ደግሞ ያጋንነዋል፤ በአሥር ኢኒንግሶች ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ሳይወጣ የቀረ ሰው አማካይ ወደ ሰማይ ይወጣል። የሚሠራው መፍትሔ ሁለት የሚደበዝዙ ድምሮችን መያዝ ነው፤ አንዱ የረን፣ ሌላው የመውጣት፤ አቋሙ የሁለቱ ክፍፍል ይሆናል። በ18ቱ ቴስት ኢኒንግሶች ኮህሊ ሁልጊዜ ስለወጣ ሁለቱ መንገዶች እዚህ ብዙም አይለያዩም።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን በረን ዝርዝር ውስጥ የለም። በእንግሊዝ የተጋጣሚው ወርዋሪ ጄምስ አንደርሰን አራት ጊዜ አስወጥቶታል፤ ኳሱ ከኮህሊ በስተቀኝ ካለው የዊኬት ዘንግ ውጭ አርፎ እየራቀ ሲሄድ ኮህሊ ይከተለውና በመምቻው ጠርዝ ነክቶ ከኋላ ለቆሙት ያዦች ይሰጣል። ከጉብኝቱ በኋላ በሙምባይ ከቀድሞው የህንድ ታላቅ መቺ ሳቺን ቴንዱልካር ጋር እንደሠራ፣ አቋቋሙን እንዳሰፋ፣ እንዲሁም በቡድኑ ዳይሬክተር በራቪ ሻስትሪ ምክር መቺ ከሚቆምበት መስመር ወደ ፊት ወጣ ብሎ መቆም እንደጀመረ ራሱ በተለያዩ ጊዜያት ተናግሯል። ይህ ለውጥ የተደረገው ምንም ቴስት ባልነበረባቸው ቀናት ስለሆነ ከረን ብቻ የሚነሳ የትኛውም ሒሳብ ሊያገኘው አይችልም። የአወጣጡን ዓይነት የሚመዘግብ መሣሪያ ግን ቢያንስ የችግሩን መልክ ባሳየ ነበር፤ በተለያየ መንገድ አሥር ጊዜ የወጣ ሰውና በአንድ ዓይነት ኳስ ደጋግሞ የወጣ ሰው 13.4 ላይ ቢገናኙም ሁኔታቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ምናልባት ዕድል የጎደለው ነው፤ ሁለተኛው የሚጠገን ነገር አለው። የእያንዳንዱን ኳስ መረጃ ማግኘት ከተቻለ ደግሞ አሥር ቁጥሮች የነበሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ይሆናሉ፤ መቺው ስንት ኳሶችን እንደሳተ ወይም በጠርዝ እንደነካ ማወቅ ስንት ረን እንዳመጣ ከማወቅ ቀድሞ ይናገራል።

እንዲህ ከሆነ የዲሴምበር 8 ስክሪን ምን ማሳየት ነበረበት? በእኔ ግምት፣ ከሚጠበቀው በታች የሆነ ወቅታዊ አቋም፣ ከ20ዎቹ አጋማሽ እስከ 40 የሚደርስ ሰፊ ግምት፣ ሜዳው ከባድ እንደነበር የሚያስታውስ ማስተካከያ፣ ከአራት ወር ገደማ ዕረፍት የተነሳ ግምቱ እንደላላ የሚገልጽ ምልክት፣ እና አራቱ መውጣቶች በአንድ ወርዋሪ እጅ እንደሆኑ የሚጠቁም መስመር። ብያኔ አይኖርም። የህንድ መራጮች እንዲህ ያለ ስክሪን ይኑራቸው አይኑራቸው፣ ኮህሊን አላስወጡትም፤ እንዲያውም መደበኛው አምበል ማሄንድራ ሲንግ ዶኒ አውራ ጣቱን ተጎድቶ ስለነበር በአደሌድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቴስት ቡድኑን በአምበልነት የመራው እርሱ ነበር።

ጉዳዩ ተከታይ አለው። ኮህሊ እ.ኤ.አ. በ2018 ለአምስት ቴስቶች ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። «በእንግሊዝ ያለው አቋም» የሚል መደብ ያለው መሣሪያ በዚያን ጊዜ የነበረው ማስረጃ እነዚያው የ2014 አሥር ኢኒንግሶች ብቻ ስለነበሩ አሁንም 13.4 ይል ነበር። ኮህሊ 149፣ 51፣ 23፣ 17፣ 97፣ 103፣ 46፣ 58፣ 49 እና 0 አስመዘገበ፤ 593 ረን፣ አማካይ 59.3፤ አንደርሰን በጉብኝቱ ሁሉ አንድም ጊዜ አላስወጣውም። ሆኖም በመጀመሪያው ኢኒንግስ፣ በኤጅባስተን፣ ኮህሊ 21 ላይ ሳለ የአንደርሰንን ኳስ በመምቻው ጠርዝ ነክቶ ነበር፤ በሁለተኛው ስሊፕ (ከመቺው ኋላ ኳስ ለመያዝ በሚቆምበት ቦታ) የነበረው ዴቪድ ማላን ግን ኳሱን ጣለው። ያ ኳስ ተይዞ ቢሆን የመሣሪያው መዝገብ በ149 ፈንታ 21 ያነብብ ነበር። ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ድምሩ 465፣ አማካዩ 46.5 ይሆናል፤ ከአራት ዓመት በፊት ወደ እንግሊዝ ይዞት የሄደው ቁጥር ማለት ነው።